ባለማኅተም ማምለጫ

አክስቴ ወለተ ሐዋርያት ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከጓሮዋ፣ አንዲት የሣር ጎጆ ታከራይ ነበር። ተከራይዋ የኔታ አካለ ወልድ የቅኔ መምህር ናቸው፤ በስውር ደግሞ የአርበኞች ደብዳቤ ጸሐፊ። ጣልያን ይህን ሳይሰማ አልቀረም፤ ሰኞ ዕለት ሙላት የሚባል ባንዳ ጠመንጃውን ይዞ ከጎጆዋ በር ፊት ለፊት ተተከለ። ቅዳሜ ሊወስዷቸው እንደሆነ ገበያው ሁሉ ያወራል። ጎጆዋ ደግሞ ያቺው አንድ በር ብቻ ናት ያለቻት።

ሐሙስ ቤቶችን የሚመረምር የጣልያን ሹም ከአስተርጓሚው ከውበቱ ጋር መጣ። ውበቱ የአምበር ሰው ነው፤ ጣልያንኛውን የለቀመው ከወጥ ቤት ነው። ሹሙ ጎጆዋን ዞረ፣ የሣር ክዳኑን በከዘራ ነካካ፣ ብዙ ተናገረ። ውበቱ ትንሽ አሰበና፣

«እመት፣ ቤት ያከራየ ሰው ለተከራዩ ማምለጫ ማዘጋጀት አለበት ይላል። እስከ ነገ ካላዘጋጁላቸው ቤቱ ይወረሳል። የኪራይ ግብሩም በበር ልክ ነው» አላት።

አክስቴ ሹሙ ዘወር እንዳለ የኔታ ዘንድ ገብታ፣ «አለቀልን! ማምለጫ ያለው አውቆብን ነው» አለች።

የኔታ ሳቁ። «እሳት ቢነሳ መውጫ ማለቱ ነው፣ ልጄ። ውበቱ ሰሙን ነግሮሻል፤ ወርቁን ለእኔ ተይልኝ።»

ግድግዳው ሲቆረጥ ሙላት ራሱ ምሳር ይዞ መጣ። ትእዛዝ ነዋ! የሚጠብቃቸው ሰው ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ከጎጆዋ ጀርባ ባለው ገደል በኩል በር ከፈተላቸው። እንዲህ ያለ ታዛዥ ከብት አይቼ አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት ሹሙ ሰዓቱን ይዞ መጣ። በሩ መሥራቱ ይፈተናል፤ ተከራዩ ቤት ውስጥ ይሁን፣ ድምፁ ጎርናና ስለሆነ ሙላት ይጩኽ ተባለ።

ሙላት «እሳት!» ብሎ ሲጮኽ የኔታ ዳዊታቸውን አንግተው በአዲሱ በር ብቅ አሉ። ከዚያ ሮጡ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ጋቢያቸው ቆንጥር ላይ ቀርቶ፣ ገደሉን ወረዱት። ሙላት ጠመንጃውን አንስቶ ሊከተል ሲል ሹሙ ፈተናውን አታበላሽ ብሎ ተቆጣው።

ቆየት ብሎ ግን ሹሙም ግራ ገባው። ውበቱ፣ «እስከ የት ነው የሚሮጡት ይላል» አለ።

«እሳት በጣም ይፈራሉ» አለች አክስቴ።

ሹሙ ሰዓቱን አይቶ ረካ። ወረቀት ጻፈ፣ ማኅተም መታበት፤ ውበቱም ከሥሩ በአማርኛ ገለበጠው።

ቅዳሜ የባንዳ ወታደሮች ውበቱን አስከትለው የኔታን ሊወስዱ መጡ። አክስቴ ወረቀቱን ዘረጋች። ውበቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው፦ «ተከራዩ በሚገባ አምልጧል። አከራይዋ ግዴታዋን ተወጥታለች።» አለቃቸው ማኅተሙን ደጋግሞ አየ፤ የገዛ መንግሥቱ ነው። ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ።

በወሩ ግብር ሰብሳቢው መጥቶ የሁለት በር ጠየቀ። በአንዱ በር ግብር ዓመቱን ሙሉ ስታማርር የኖረች ሴትዮ ያለአንዳች ክርክር መቀነቷን ፈታች። እኔ ግን ንድድ አለኝ።

«ጎጆዋ ባዶ አይደለችም እንዴ? ለምን ትከፍያለሽ?» አልኳት።

የየኔታን ጋቢ አጣጥፋ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«የዚያኛውን በር ሦስት እጥፍም ቢሉኝ እከፍላለሁ» አለች።