የተናጠ ደም

ጋራዥ ውስጥ መዶሻው ይሉታል፤ የተጨራመተ የመኪና በር በጥቂት ምት አቃንቶ ስለሚያስረክብ። ቅጽል ስሙ የወጣለት ግን ለሥራው ብቻ አይደለም። እጁ ከአፉ ይቀድማል፤ ጣጣው ይኸው ነው።

እናትና አባታቸው ካለፉ ወዲህ እንደ ልጁ ያሳደጋት አንዲት ታናሽ እህት አለችው። በቅርቡ ከተረከዟ ላይ ጥቁር ምልክት ተቆርጦ ወጣላትና የቆዳ ካንሰር ነው ተባለ። አሁን የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ተሰራጭቷል ወይስ እዚያው ቀርቷል? ፍንጭ የሚሰጥ የደም ምርመራ አለ፤ በሽታው ወደ ሌላ አካል ከዘለቀ ደም ውስጥ ያለ አንድ ንጥረ ነገር ቁጥሩ ያሻቅባል። በክራንች ስለምትሄድ አንዲት ነርስ ቤት ድረስ መጥታ ደሟን በብልቃጥ ቀዳችና ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ እንዲያደርሰው ለመዶሻው ሰጠችው።

«ቀስ ብለህ ውሰደው፤ እንዳይንገላታ» አለችው።

ቀስ! እሱን ነው ቀስ በል የሚሉት? ብልቃጧን ደረት ኪሱ ከትቶ፣ ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ በኮረኮንቹ ላይ እየነጠረ በረረ። ቶሎ የደረሰ ደህና ወሬ የሚሰማ ይመስል!

ከሰዓት በኋላ ውጤት ሊቀበል ሲመለስ ላቦራቶሪው ውስጥ ቀጭኑ ባለመነጽር ባለሙያ ብቻውን ነበር።

«ቁጥሩስ?»

«ከፍ ብሏል፤ ግን...»

ግን የምትለዋን ማን ሰምቷት! የሰውየውን ኮሌታ ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር አላተመው። መነጽሩ ሲወድቅ በጫማው ደፈጠጠው። «ገደላችኋት!» እያለ አፉን በቡጢ አለው፤ ጥርስ ተሰበረ። ሰውየው ደም እየተፋ «ወንድሜ፣ በፈጠረህ ስማኝ!» ይላል። መዶሻው ወዲያ ወርውሮት ወደ ማሽኑ ዞረ። ያንን ክፉ ቁጥር ያወጣው እሱ ነዋ! የብረት ወንበር አንስቶ አወረደበት። መስታወቱ ረገፈ። ደግሞ አወረደበት፤ ሆድ ዕቃው ተዘረገፈ። ክንዱ እስኪዝል ቀጠቀጠው።

«ቁጥሩ የውሸት ነበር» አለ ባለሙያው፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አፉን በጋውኑ እየጠረገ። «ደሙ መንገድ ላይ ተንጦ ተበላሽቷል። ቀይ የደም ሴሎቹ ሲፈነዱ ያው ንጥረ ነገር ከውስጣቸው ይፈስና ቁጥሩ በከንቱ ይሰቀላል። ልነግርህ ነበር እኮ፣ አንተ አረመኔ! እህትህ ጋ ደውያለሁ፤ እዚሁ እንደገና ልንቀዳት በታክሲ እየመጣች ነው።»

መዶሻው ወደተዘረገፈው ማሽን ዞረ። «ሌላ ማሽን የለም?»

«አለ፤ የአንድ ቀን መንገድ ተኪዶ። ደሙ ቢላክ ይናጣል፤ እሷ እንዳትሄድ በዚያ እግሯ!»

ኮሪደሩ ላይ የክራንች ድምፅ ተሰማ። እህቱ ገባች። እጅጌዋን ገና ታክሲ ውስጥ ሳለች ጠቅልላዋለች፤ ከሰነበተባት ጭንቀት በኋላ ፊቷ ፈካ ብሏል።

«የት ልቀመጥ?» አለች። ከዚያ ደሙንና ስብርባሪውን አየች። «ወንድም ጋሼ... አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ክራንቿን አንስታ ትከሻውን መታችው። ደገመችው። ሊከላከል አልሞከረም፤ እንዲያውም በቀጠለች ብሎ ተመኘ። እግሯ ሲከዳት አፈፍ አድርጎ ያዛት። ደረቱን በቡጢ እየደበደበች አለቀሰች።

«ልወቅ ብዬ ነበር እኮ! ብሞትም እንኳ ልወቅ ብዬ!»

ጀርባዋን ሊደባብስ እጁን ዘረጋ። የሰው ደም ነበረበትና መልሶ አወረደው።