የአቶ ኃይለየሱስ ዝናብ

«እትዬ ዘርፉ፣ ‹አስቀምጥ› የሚለውን ቁልፍ ሳይጫኑት ቀርተው ይሆናል እኮ!»

«እጄ እስኪዝል ነው የተጫንኩት! በተጫንኩት ቁጥር አረንጓዴ ይሆን የለም እንዴ?»

ሚኪያስ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ አዞረ። ከአዳማ በማለዳ ተሳፍሮ አዳሚ ቱሉ የመጣው የመስኖ ማኅበሩ የዝናብ ሰንጠረዥ ባዶ ሆነ ተብሎ ነው። በኢንተርኔት የሚከፈተውን ይህን ሰንጠረዥ የገጠመላቸው እሱ ነበር፤ ዘርፉን እንግሊዝኛው እንዳያስቸግራት ብሎም ከላይ የተደረደሩትን ቁልፎች በአማርኛ ቀይሮላታል። አሁን ከጀርባ የጻፈውን ትእዛዝ ከፍቶ ሲያነብ «ወይኔ!» አለ።

«ምነው?»

«ቁልፉን ሠርቼዋለሁ፤ ቀለሙንም ሰጥቼዋለሁ። ሲጫኑት ምን እንደሚያደርግ ግን አልነገርኩትም። ነገ እጨርሰዋለሁ ብዬ... ረሳሁት።»

«ታዲያ ምን ብሎ ነው አረንጓዴ የሚሆነው? ሊያሾፍብኝ? የጻፍኩትስ የት ሄደ?»

«ስክሪኑ ላይ ብቻ ነበር። ትናንት መብራት ሲሄድ አብሮ ሄደ። ይቅር ይበሉኝ።»

ዘርፉ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። አባቷ አቶ ኃይለየሱስ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የማኅበሩን ዝናብ እየለኩ በየማለዳው የጻፉባቸውን ደብተሮች ምስጥ ጀምሯቸው ነበር። ሊሞቱ ሲሉ «ዝናቤን አደራ» ብለዋት፣ አሥራ አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ሳታጠፋ ወደ ሰንጠረዡ ስትገለብጥ ሰነበተች። ቅዳሜ እንደጨረሰች፣ ምስጡ ወደ ሌላው መዝገብ እንዳይዛመት ደብተሮቹን በገዛ እጇ አቃጠለቻቸው።

ሊቀመንበሩ አብዱልጀባር በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል።

«አብሽሪ ዘርፉ። ሐሙስ መዝገቡን የሚያዩ ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ ባዶ ከምናሳያቸው የባቱ ከተማን የዝናብ ቁጥር እናስገባበት። ሰማዩ እንደሆነ አንድ ነው።»

«አንድ አይደለም ጋሼ! ባቱ ሲዘንብ እኛ ጋ አቧራ የሚቦንበት ቀን ስንት ነው? አባዬ ‹ዛሬም አለፈን› ብሎ ዜሮ ይጽፍ ነበር።»

«ማን ያውቅብናል ብለሽ ነው?»

ሚኪያስ አቀርቅሮ ኮምፒውተሩን ሲነካካ ቆይቶ ቀና አለ። «ቁልፉ አሁን ይሠራል» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

ሊቀመንበሩ ስልካቸውን አወጡ። የባቱ ቁጥር ከየትኛው ቢሮ ቶሎ እንደሚገኝ እሳቸውና ሚኪያስ መከራከር ጀመሩ። ዘርፉ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳበች። በባዶው ሰንጠረዥ አናት ላይ፣ ሚኪያስ ያኔ ሲገጥመው የጻፈው «ዝናብ መዝጋቢ፦ አቶ ኃይለየሱስ» ብቻ ቀርቷል። የባቱ ዝናብ ከሥሩ ሳይገባ፣ የአባቷን ስም ፊደል በፊደል አጠፋችና «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች። አላመነችውም፤ ገጹን ዘግታ እንደገና ከፈተችው። ስሙ የለም።

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ ሊቀመንበሩ «ሃሎ! ይሰማል?» እያሉ ነበር።