ሁለት ጊዜ የፈላው ሩዝ

የአረጋውያን መኖሪያውን ወጥ ቤት ሃያ ዓመት የመራችውን ሴት ሁሉም «ሻለቃ» ይሏታል። እጁን ሳይታጠብ ደጃፏን የረገጠ ሰው ወዮለት! ስለዚህ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነርሷ እየሮጠች መጥታ «ሻለቃ፣ አሥራ አንድ ሰው እያስታወከ ነው፤ አክስትሽም አሉበት» ስትላት ነገሩ ጭራሽ አልገባትም።

«ምን በልተው?»

«ምሳ ነዋ! ሩዙን።»

አክስቷ ሳፋ ታቅፈው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። «አይዞሽ ልጄ» አሉ ፊታቸው ነጥቶ፣ «አንጀቴ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ሻለቃ ግራ ገባት። ይኸው ሩዝ ሰኞ ተቀቅሎ ቤቱ በሙሉ በልቶታል፤ ማንም ራሴን እንኳ አላለም። የተረፈው በዚያው በትልቁ ድስት፣ ክዳኑ ተገጥሞለት፣ ጠረጴዛ ላይ አደረ። ዛሬ ደግሞ ራሷ ቆማ እስኪንተከተክ አፈላችው። አክስቷ «ቀዘቀዘ» ማለት ስለሚወዱ የእሳቸውን ድርሻ ለብቻው እንደገና አሙቃለች። በእሳት ያለፈ ነገር እንዴት ሰው ያሳምማል? ውሃውን ጠረጠረች፤ ዘይቱን ጠረጠረች። ዕቃ አጣቢዋን አፋጥጣ አስለቀሰቻት፤ ወዲያው ደግሞ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሩዙን አሸተተችው፤ ምንም አይሸትም።

በማግሥቱ ከጤና ቁጥጥር አንዲት ወጣት ባለሙያ መጣች። የተረፈውን ሩዝ በዕቃ ከታ ወደ ላቦራቶሪ ላከችና አዲስ ሩዝ እንዲቀቀል ጠየቀች። ስድስት ሰዓት ላይ እሳቱ ጠፋ፤ ድስቱም እንደ ወትሮው ተከደነ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባለሙያዋ ቴርሞሜትሯን መሀሉ ድረስ ሰካችው።

«ያንብቡት እስቲ።»

«አርባ አራት» አለች ሻለቃ። አምስት ሰዓት ሙሉ ቆሞ! ጎኑን በእጇ ስትነካው ግን ለብ ያለ ብቻ ነበር።

«ለባክቴሪያ ምቹ አልጋ ማለት ይሄ ነው» አለች ባለሙያዋ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ አፍልቼዋለሁ!»

«መፍላት ብዙውን ይገድላል። አንዳንዱ ግን ጠንካራ ሽፋን ለብሶ፣ እንደ ዘር ተኝቶ ያልፈዋል። ድስቱ ለብ ሲል ይነቃና ይራባል፤ መርዝም ይረጫል።»

«እሺ፣ ማክሰኞ ደግሜ ሳፈላውስ አይሞትም?»

«የነቃው ይሞታል። መርዙ ግን ምን ይሙት? ሕይወት የለውማ!»

«ማቀዝቀዣ ብከተውስ ኖሮ?»

«ብርድ አይገድለውም፤ እንዳይራባ ይይዘዋል እንጂ። ያውም በትልቅ ድስት ሳይሆን፣ በዝርግ ትሪ በስሱ ተዘርግቶ ቶሎ ከገባ ነው።»

ሻለቃ አንገቷን ነቀነቀች። እሳት አይገድለው፣ ብርድ አይገድለው! ሃያ ዓመት ከምን ጋር ነው የኖረችው? የላቦራቶሪው ውጤት መጥቶ የባለሙያዋን ቃል ሲያረጋግጥ እንኳ ነገሩ አልዋጥላት አለ። ቢሆንም ባለሙያዋ የጻፈችላትን መመሪያ ለመፈጸም አላንገራገረችም፤ ስድስት ዝርግ ትሪ አስገዛች።

አረጋውያኑ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሁሉም አገግመው ነበር። ቅዳሜ ሻለቃ አክስቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ ያሳመምኩዎት» አለች።

«አንቺ? አፌን እስኪያቃጥለኝ አሙቀሽ አቅርበሽልኝ?»

«ማሞቁ አይደለም ጥፋቱ። ቀስ ብሎ መቀዝቀዙ ነው።»

«ታዲያ ከእንግዲህ ቀዝቃዛ ልብላ?»

«ኧረ ትኩስ ነው የሚበሉት። ግን መጀመሪያ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ደግሞ ይፈላል፤ መፍላቱም ቢሆን የተኛውን አይገድልም፤ ሲነቃ ደግሞ…» መሀል መንገድ ላይ ጠፋባት። ግንባሯን አሸት አሸት አድርጋ እንደገና ጀመረች፤ አሁንም እዚያው ቦታ ላይ ተያዘች።

አክስቷ እጇን ያዙና አስቆሟት። «ልጄ፣ ይሄን ያህል ከሚያደክምሽ ለምን የሚበላውን ያህል ብቻ አትቀቅዪም? የሚያድር ባይኖር የሚነቃም የለ።»

ሻለቃ ሰኞ ጠዋት ትልቁን ድስት አጥባ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀለችና በመካከለኛው ቀቀለች። ሩዙ ለሁለት ሰው ጎደለ። ለእነሱ ድንች ጠበሰችላቸው።