እስክትጨርስ ድረስ

«ለልጆቹ ያልሆነው ነገር የለም፤ ነፍሱን ይማረው» አሉ አንዲት ጎረቤት ቡናቸውን እያማሰሉ።

ትልቋ ልጅ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ጥርሷን ነከሰች። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሊያጽናናት የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ «አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?» ይላታል።

አጎቷ ወንበራቸውን ስበው ተጠጓት። ማዶ፣ ከሁለተኛዋ ሚስት የተወለደችው ታናሿ ፊቷን በእጆቿ ይዛ ተቀምጣለች።

«የእህትሽ ነገር አሳስቦኛል» አሏት በሹክሹክታ። «የነርስነት ትምህርቷ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። አባትሽ እስክትጨርስ ድረስ አለሁልሽ ብሏት ነበር። አንቺ እግዜር ይመስገን ላብራቶሪ ገብተሽ ራስሽን ችለሻል…»

«እስክትጨርስ ድረስ?»

«እንደሱ ነበር የሚለው።»

ደሟ ፈላ። አባቷ ቁልፍ ቀራጭ ነበር። ፍርድ ቤት የቆረጠላትን ቀለብ ለመቀበል በየወሩ ሱቁ ትሄድ ነበር። የመጨረሻው ቀን ሞረዱን ከቁልፉ ላይ እንኳ አላነሳም። «ትናንት አስራ ስምንት ሞላሽ አይደል? እንኳን አደረሰሽ። ሕጉ እዚህ ድረስ ነው» አላት። ልደቷን ሲያስታውስ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ የብረቱን ብናኝ እፍ ብሎ አራገፈና ሥራውን ቀጠለ። ኮሌጅ ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ትምህርት ላይ ያለ ልጅ ቀለቡ እንዲቀጥልለት ፍርድ ቤት ማመልከት እንደሚችል የነገራት ሰው የተገኘው፣ ዳቦ ቤት ሊጥ እያቦካች ከተመረቀች በኋላ ነው።

«ለእኔ ሕግ ጠቀሰ፤ ለእሷ ቃል ገባ» አለች። ድምጿ ማዶ ድረስ ተሰማ። «አሁን የሱን ቃል እኔ ልሙላለት?»

«ሙት ወቃሽ አትሁኚ፣ ልጄ።»

«በቁሙ ማን ወቀሰልኝ፣ አጎቴ? እርስዎ ወቀሱልኝ?»

ታናሿ ተነሥታ መጣችና በትልቋ ፊት ቆመች።

«እኔ ማንንም አልጠየቅኩም። ሰኞ ምዝገባ ነው፤ እቀራለሁ። አስራ ስምንት ሞልቶኛል፤ ሠርቼ እበላለሁ።»

ትልቋ ያን ቁጥር ከልጅቷ አፍ ስትሰማ በጥፊ የተመታች ያህል ደነገጠች።

«ይህን ሁለተኛ እንዳትይው» አለቻት። «ሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ እመጣለሁ። አብረን ሄደን ትመዘገቢያለሽ፤ እስክትጨርሺም እኔ እከፍላለሁ። ለሱ ብዬ ግን አይደለም። ማንም እንዳይመስለው።»

«አባትሽ ይህን ቢያይ…» ብለው ጀመሩ አጎቷ።

«እሱን አያንሱብኝ።»

ታናሿ መሄጃ ጠፍቷት እንደቆመች ቀረች። ወንበሩ ለአንድ ሰው እንኳ ጠባብ ነው። ትልቋ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ ወደ ዳር ተጠጋችላት።