ኩባያው ሲደፋ

የተማሪዎቹ ሬዲዮ ጣቢያ ቀይ መብራት ከተቃጠለ ወዲህ ማይክሮፎኑ ክፍት መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በኩባያ ነበር። ኩባያው ጠረጴዛው ላይ በአፉ ከተደፋ ማይኩ ክፍት ነው፤ ቀና ብሎ ከተቀመጠ ዝግ ነው። ያን ቀን ግን ቀብራራ የሚሉት ዜና አንባቢ ጉሮሮው ደረቀበትና ማይኩን ሳይዘጋ ኩባያውን አንስቶ ውሃ ጠጣበት፤ ሳይደፋውም መልሶ አስቀመጠው።

ሙዚቃ መራጯ ልጅ ኩባያውን አየችና ልቧ ረጋ። የእረፍት ሰዓቱ ዘፈን ገና መንቆርቆር ሲጀምር ግን ደሟ ፈላ።

"ዛሬም ይሄው ዘፈን! ይሄ ዳይሬክተር ምን ነክቶት ነው በየቀኑ የሚግተን? ጆሮዬ እኮ በሰበሰ!"

ግቢው ባንዴ ጭጭ አለ። በመስኮት ብታይ ተማሪው ሁሉ ወደ ድምፅ ማጉያው አንጋጧል። ክው አለች። ቀብራራም ኩባያው ላይ አፍጥጦ አመድ መሰለ።

በሩ ተበረገደና ዳይሬክተሩ እያለከለኩ ገቡ።

"ማን ነው የተናገረው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።" አለች ልጅቷ።

ዳይሬክተሩ በሩን ዘጉና ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

"ስሚኝ ልጄ፣ እኔስ መች ወደድኩት? ዘፋኟ የሙዚቃ አስተማሪያችሁ ናት፤ ባለቤቴ። አንድ ቀን ቢቀር ቤት አታስገባኝም። እራት ላይ ደግሞ ራሷ ትደግምልኛለች። የኔ ጆሮ ካንቺ በፊት ነው የበሰበሰው።"

ከግቢው ሳቅ ፈነዳ።

"ጋሼ... በድንጋጤ ማይኩን አልዘጋነውም" አለችና ሙዚቃ መራጯ ኩባያውን ቀስ አድርጋ ደፋችው።

ከኮሪደሩ የሴት ጫማ ኮቴ እየፈጠነ መጣ።