ዝሆን የገባ ዕለት

ሐድጉ የንፍሮ ሰሃኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ወደ ድንኳኑ የሚገባውን ሰው ሁሉ ከጫማው ጀምሮ ያያል። የልጅ ጫማ ሲያይ ወደ ሰሃኑ ያቀረቅራል። እህቱ ለተሚካኤል ከተቀበረች ሁለተኛ ቀን ነው። እሪ በከንቱ ሰፈር፣ አባታቸው ያወረሷቸው ቤት ግቢ ውስጥ፣ የእድሩ አግዳሚዎች ሞልተዋል።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ አባይነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አጠገባቸው ላለች ለቅሶ ደራሽ ያወጋሉ። ፒያኖ የምታስተምራቸው አምስቱ ልጆች ብቻ ነበሩ አሉ አብረዋት። ዓይናቸው በጨርቅ እንደታሰረ፣ ፍቱ እስክትላቸው ሲጠብቁ፣ እሷ ለካ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች አልፋለች። ሐኪሙ ልቧ ነው ብሏል።

«ልጆቹስ ምን ይላሉ?» አለች ሴትዮዋ።

«ዝሆን መጥቶ ነበር ይላሉ።»

ሴትዮዋ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሐድጉ ግን ንፍሮው አፉ ውስጥ ጠጠር ሆነበት። ለሰው ሁሉ፣ ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ወልደሥላሴ ጭምር፣ ያን ቀን አፍንጮ በር ሰፈር መስኮት ስገጥም ነው የዋልኩት ብሏል። እህቱን የገደላት እሱ ነው ቢባል ማን ደጁን ይረግጣል? ነገ እሱ ሲሞትስ ማን ሬሳውን ይሸከማል?

ጣሊያን በወጣ ማግሥት ነው አባታቸው አንድ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ፒያኖ ያገኙት። ከፒያሳ ቁልቁል የተሸከሙት አራት ኩሊዎችና ሐድጉ ናቸው። ትከሻው ተልጦ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ አባቱ «በቃ፣ አንተ ውጣ፤ እሷ ትሞክረው» አሉት። እሷ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች፤ እሱን ከአራተኛ ክፍል አንሥተው መጋዝ ሰጡት። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ይኼ ነገር አልወረደለትም። ዛሬም ክራባት ያሰሩት አስተማሪ ባልደረቦቿ የጣቱን ጫፍ ጨብጠው ያልፋሉ፤ አንዱማ ወንበር አምጣ ለማለት በአገጩ ነው ያመለከተው።

እሷ ደግሞ ያን ሁሉ ተምራ ስትጫወት ነበር የምትውል፤ እሱ ሥራ አይለውም። የሰፈሩን ልጆች ዓይናቸውን አስራ ምንጣፍ ላይ ታቆማቸዋለች። ወፍራሙን ድምፅ ስትነካ ዝሆን፣ ቀጭኑን ስትነካ ወፍ ናቸው፤ እንደ ሰሙት እንስሳ ይራመዳሉ። ከሁሉም የጽጌ ጆሮ ያስፈራል። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ በአጥር ማዶ የሚያልፈውን ሰው በኮቴው ብቻ ስሙን ትጠራለች።

በሞተችበት ቀን ሐድጉ በጓሮ በር ገባ። ጣውላው ደጅ ዝናብ እየበላው ስለሆነ ሳሎኑ ለሁለት ተከፍሎ መሥሪያ ይሁነኝ ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቃት። አይሆንም አለችው፤ ልጆቹ እንዳይደነግጡ በቀስታ። ያበገነው ቀስታዋ ነው። «ከእኔ ጫንቃ ላይ ወርደሽ አታውቂም» ብሎ ጮኸባት፤ የፒያኖውን ክዳን በጡጫ መታው። ፊቷ አመድ መሰለ፤ እጇ ደረቷ ላይ ሄደ። አየ። አይቶም ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ጽጌ ከእናቷ ጋር መጣች።

ሳሎን ውስጥ አቶ ወልደሥላሴና ሴቶቹ ተቀምጠዋል፤ ፒያኖው ጥቁር ጨርቅ ለብሷል። ሐድጉ ሰሞኑን በእግር ጣቱ ጫፍ ነው የሚራመድ፤ ሰው ሐዘን ሰበረው ይላል። እንደዚያው አድርጎ ወደ ጓሮ ሊሾልክ ሲል ወለሉ አንዴ ጮኸበት። ልጅቷ ከእናቷ ጉያ ቀና አለች።

«ዝሆኑ እሳቸው ናቸው።»

እናቷ አፏን ልትይዛት ስትል አቶ ወልደሥላሴ በእጃቸው ከለከሏትና ልጅቷን ንገሪኝ አሏት።

«ጋሼ ሲጮሁ ፈርተን አለቀስን» አለች ጽጌ። «እትዬ ግን፣ ዝሆን ነው፤ ክፉ አይደለም፤ ሸክም በዝቶበት ነው የሚጮኸው አሉን። እስኪርቅ ድረስ ዝም ብላችሁ ስሙት አሉን። ጠበቅን። ከዚያ ፍቱ ሳይሉን ቀሩ።»

ሁሉም ሐድጉን አዩ። የልጅ ወሬ ነው ቢል ያምኑት ነበር፤ ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሷል። ሸክም በዝቶበት። በሕይወቱ ይህን ያለለት ሰው አልነበረም።

«መጥቼ ነበር» አለ። «ጮኼባታለሁ። እጇን ደረቷ ላይ እያየሁ ነው ጥያት የወጣሁት።»

ወይዘሮ አባይነሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ከአጠገቡ ፈቀቅ አሉ። አቶ ወልደሥላሴ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ውጣ ያለው የለም፤ ተቀመጥ ያለውም የለም።

ጽጌ ሄዳ የፒያኖውን ጨርቅ ገለጠች፤ ክዳኑን አነሣች። እናቷ ሐዘን ቤት እኮ ነው ብላ ልትነሣ ስትል ልጅቷ ድምፅ አላሰማም አለች። አንዱን ነጭ ቁልፍ በጣቷ ቀስ፣ ቀስ አድርጋ ተጫነችው። ያለ ድምፅ ወረደ።

«የተኛ ሰው ካለ እንዲህ ንኩት ነው ያሉን እትዬ» አለችና ከቦታው ዘወር አለችለት።

ሐድጉ ተንበረከከ። ትንፋሹን ይዞ ጣቱን አሳረፈ። ቁልፉ ከጣቱ ሥር ዝቅ፣ ዝቅ አለ፤ ምንም አልተሰማም። ጣቱን ግን አላነሣም።