የዘጠኝ ሰዓቱ ስልክ

«መጣች» አለች ሚስኪ፣ ዘሃራ ጆሮ ሥር ጠጋ ብላ። «በባጃጅ ነው የመጣችው። ትንሽ ልጅ ናት እኮ፤ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው።»

ዘሃራ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ቀና አላለችም። ሱሩር ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ሻይ ይዘዋል፤ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል፤ የመጋቢት ሙቀት ቤቱን ሞልቶታል። እዚያ ከተቀመጡት መካከል ስለ መቱዋ ሴት ያልሰማች አልነበረችም። ምን ይደረግ፣ ሰው ለቅሶ ሲደርስ አፉን ቤቱ ትቶ አይመጣም።

ሱሩር ባሏ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ውስጥ ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው የሞተው። ልቡ ነው ተባለ። ከመሞቱ በፊት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ድረስ በየወሩ ወደ መቱ ከተማ ይመላለስ ነበር። ስትጠይቀው «ለዕቃ ነው» ይላታል። ከመቱ የመጣ አንድ ካርቶን እንኳ ሱቁ ውስጥ አይታ አታውቅም። ደግሞ በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል። ጓሮ ወጥቶ ማንጎው ሥር ይቆማል፤ ሁለት ቃል ይናገራል፤ አንዳንዴም ይስቃል። የሞተ ዕለት እህቱ ሚስኪ ስልኩን ስታይ ሦስት ያልተነሳ ጥሪ አገኘች፤ «ሀሴት መቱ» ይላል። በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት እንደገና ሲጮህ አንስታ «ሞቷል» አለችና ዘጋችው።

«ልጅ ፈልጎ ይሆናል» ብላ ነበር ያኔ ሚስኪ። ይህቺ ቃል ዘሃራን ገደለቻት። አንዲት ልጃቸው ሰሚራ በሁለት ዓመቷ በወባ ሞታ እዚሁ ጋምቤላ ተቀብራለች፤ ከዚያ ወዲህ አልወለደችም።

መቱ ሄዳ በዓይኗ እንዳታይ የባሏ ሐዘን ዒዳ ላይ ናት። አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም። የሃያ ሁለት ዓመት ባሏን ታልቅስለት ወይስ ትርገመው፣ ሳታውቀው ሦስት ቀን አለፈ። እንባዋም ቢሆን አልወርድ ብሏት ነበር።

ልጅቱ ገባች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ጋሼን! ጋሼን!» እያለች አለቀሰች። ከልቧ ነበር የምታለቅሰው፤ ለዘሃራ ይሄ የባሰ ሆነባት። ለባዳ እንዲህ ይለቀሳል እንዴ?

ከሴቶቹ ሁሉ ደፍራ የጠየቀችው ጎረቤታቸው ሱዛን ናት። ሱዛን ከባሮ የሚወጣ ዓሣ ትሸጣለች፤ ነገር መጠቅለል አትወድም።

«አንቺ ልጅ፣ ሱሩር ላንቺ ምንሽ ነው?»



«ደንበኛዬ ናቸው» አለች ሀሴት እንባዋን እየጠረገች። «ሻይ ቤት አለኝ፤ የውሃ ቦኖው ፊት ለፊት።»

«ለሻይ ደንበኛ ነው በየቀኑ የሚደወለው?» አለች ሚስኪ።

ሀሴት ቦርሳዋን ከፍታ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የሙቀት መለኪያ ነው፤ ከሱቁ በር ላይ ከተሰቀለው ጋር አንድ ዓይነት።

«ይሄን ግድግዳዬ ላይ ሰቀሉት። በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት አይቼ እንድደውል ነገሩኝ። ቦኖው ላይ የተሰለፈውንም ጀሪካን ቆጥሬ እነግራቸዋለሁ።»

«ጀሪካን! ወይ ጉድ፣ ዘንድሮ የማንሰማው የለም» ሚስኪ አጨበጨበች።

ዘሃራ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ልጅቱን አየቻት። አላመነቻትም። ዕቃ ማንም ይገዛል፤ ወሬም ማንም ያዘጋጃል። ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። አምና በዚሁ በመጋቢት ሙቀቱ ጥሏት፣ ሱሩር ራሷ ላይ ውሃ እያፈሰሰ «ከዚህ አገር እንውጣ ዘሃራ፤ በየዓመቱ እየባሰ ነው» ብሏት ነበር። «ሰሚራን ትቼ? አንተ ከፈለግህ ሂድ» አለችው። ሁለተኛ አላነሳውም። ያን መለኪያ ከሱቁ በር ላይ የሰቀለውም በዚያው ሳምንት ነው።

«ጀሪካን ምን ያደርግለታል?» አለች ሱዛን።

«‹ሙቀቱን ሸሽቼ የምመጣው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሰው ከሞላበት ውሃው ለማን ይደርሳል?› ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ አሥራ አራት ነበር፤ አሁን ከሠላሳ አልፏል። የጨመረ ቀን ዝም ይላሉ። የቀነሰ ቀን ይስቃሉ።»

ማንጎው ሥር የነበረው ሳቅ ዘሃራ ጆሮ ውስጥ ተሰማ።

«ለምን ለኔ አልነገረኝም ታዲያ?» አለች ዘሃራ።

«እኔም ጠይቄያቸዋለሁ፣ እትዬ። ‹ሰው በወሬ አላፈናቅልም። ዓመቱ ይሙላና ደብተሩን ፊቷ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ እሷ ትፍረድ› አሉኝ። ሚያዝያ ላይ ይሞላ ነበር።»

ልጅቱ «በወሬ» ስትል ዘሃራ ደነገጠች። ይህን ማንም አይፈጥረውም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የሱሩር አባት ወሎ ላይ ስብሰባ ተቀምጠው፣ «መሬቱ ጥቁር ነው፤ ዝናቡ አይቀርም» ሲባል ሰምተው፣ አገሩን ሳያዩ ሦስት ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው ለጋምቤላ ሰፈራ ተመዘገቡ። ሱሩር ያኔ ስምንት ዓመቱ ነው። ዓመት ሳይሞላ ሁለቱ ታናናሾቹ በወባ አልቀው አቦቦ አጠገብ ተቀበሩ። ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ «በወሬ ነው የገደልኳቸው» ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ የተወለደችው ሚስኪም ይህን እየሰማች ነው ያደገችው። አሁን አንገቷን ደፍታለች።

«ፌስታሉን አምጪልኝ» አለቻት ዘሃራ።

የሞተ ዕለት ከሱቁ የሰበሰቡለት ዕቃ ነው፤ መነጽሩ፣ ቁልፉ፣ እስክሪብቶው፣ አንድ ደብተር። እስከዚያ ሰዓት አልከፈተችውም። ደብተሩ በመስመር ተከፍሏል፤ ቀን፣ ጋምቤላ፣ መቱ፣ ጀሪካን። ገጽ በገጽ በሱሩር ጠማማ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። አንድም ቀን አልተዘለለም። ጋምቤላ አርባ አንድ፣ መቱ ሃያ ስድስት። ጋምቤላ አርባ ሁለት፣ መቱ ሃያ ስምንት። የመጨረሻው መስመር ላይ ጠዋት የጻፈው ቀን ብቻ ነው ያለው። የሞተበት ቀን።

«ጠርጥሬህ ነበር እኮ» አለች ደብተሩን ይዛ። «ሦስት ቀን ሙሉ ጠረጠርኩህ፣ ሱሩርዬ!» ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ለቅሶ ውጭ ድንኳን ውስጥ ካሉት ወንዶች ዘንድ ደረሰ።

ሲበርድላት መለኪያውን በሻሹ መልሳ ጠቀለለችና ለሀሴት ሰጠቻት።

«ወስደሽ ቦታው ስቀዪው። ዒዳዬን እስክጨርስ በዘጠኝ ሰዓት ደውዪልኝ። ጀሪካኑን እንዳትረሺ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«እሱ የሞተ ዕለት ስንት ነበር?»

«ሃያ ሰባት። ጀሪካኑ ሠላሳ ስምንት።»

እስክሪብቶው አልጽፍ ሲላት መዳፏ ላይ ደጋግማ አሸችው። ባሏ በተወው መስመር ላይ ሃያ ሰባት፣ ከጎኑ ሠላሳ ስምንት ብላ ጻፈች። የጋምቤላን በዚያ ሰዓት ያየ ሰው ስላልነበረ፣ እሱን ባዶውን ተወችው።